የኋላው ወንበር

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ፍሬቻ» በሚል ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያወጡለት የስፌት ቤት ሴቶች ናቸው። ሥራው የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ስለሆነ ዕድሜውን የፈጀው ከአንዱ ስፌት ቤት ወደ ሌላው በብስክሌት ሲዞር ነው። ታዲያ ሊታጠፍ ሲል ገና መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ መላ ሰውነቱ ወደዚያው ይጋደማል። እጁን መዘርጋት አያስፈልገውም። ከኋላው ያለው ሹፌርም፣ ከፊቱ የሚሻገረውም፣ በር ላይ ቆማ ክር የምትቆርጠዋም ትከሻውን ብቻ አይተው «ይኸው፣ ሊታጠፍ ነው» ይላሉ። የመሣሪያ ሳጥኑን ከኋላው አስሮ፣ አንዳንዴም የተነቀለ የስፌት መኪና ጭኖበት፣ ያን ሁሉ ብረት ይዞ ጋደም ይልና ቀና ይላል። ሰው እንደሚያየው ያውቃል። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ይኮራበታል።

አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት አቃተው። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ሲወጣ ግራ እግሩ ይጎተታል፤ ግራ እጁ ዕቃ ይይዛል እንጂ አይጨብጥም። ከሁሉ የባሰው ግን ሚዛኑ ነው። ግድግዳ ካልያዘ ወይም ከዘራ ካልተደገፈ መሬቱ ከሥሩ የሚሸሽ ይመስለዋል። ጭንቅላቱና ቀኝ እጁ ደህና ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የተበላሸ የክር ማጠንጠኛ ሲፈታና ሲገጥም ያየው ሰው የታመመ አይለውም።

ችግሩ የስፌት መኪኖቹ ጠረጴዛ ላይ የታሰሩ መሆናቸው ነው። ጠጋኙ ነው ወደነሱ የሚሄደው፣ እነሱ ወደ ጠጋኙ አይመጡም። ስፌት ቤቶቹ ደግሞ ያሉት ታክሲ በማይገባበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው፤ ያን ከባድ ሳጥን ይዞ በከዘራ የሚሞከር አይደለም። ሴቶቹ መጀመሪያ ላይ ብርቱካን ይዘው እየመጡ ጠየቁት። ከዚያ ስልክ ይደውሉ ጀመር። ከዚያ ሌላ ጠጋኝ፣ ባለ ሞተር ሳይክል፣ መንደሩን መዞር ጀመረ። «ጎበዝ ነው፣ ግን እንዳንተ አይሆንም» አሉት በስልክ። ፍሬቻ የሰማው «ጎበዝ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

«ስፌት ቤቶቹን ካጣሁ» አላት ሚስቱን፣ «እንግዲህ ከዚህ ቤት ዕቃ እንደ አንዱ ቁጠሪኝ።»

«ዕቃማ ዝም ይላል» አለች ሚስቱ።

ሚስቱ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ከዕለታት አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የብስክሌቱ ደወል ተሰብሮ ወለሉ ላይ አገኘችው፤ የባሏ ክርን ደግሞ ተልጧል። እሱም አልነገራት፣ እሷም አልጠየቀችው። በማግስቱ ብስክሌቱ ከጓዳው ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ተሰቅሎ ዋለ።

የባለ ሦስት ጎማን ነገር ያነሣችው የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ተራ ባለ ሦስት ጎማ ግን አይደለም ያለችው። እግር ብዙ ሳይነሣ የሚወጣበት ዝቅ ያለ ይሁን፤ ግራ እግሩ ከፔዳሉ እንዳይንሸራተት ማሰሪያ ይኑረው፤ ሁለቱም ፍሬን በቀኝ እጅ የሚያዝ ይሁን፤ ሲወጣና ሲወርድ እንዳይንቀሳቀስ ደግሞ ፍሬኑ ተይዞ የሚቀር ይሁን። ይህን ሁሉ ካስረዳችው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ድሮ ብስክሌት ይነዱ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔ? እኔ እኮ ቆሜ ነው እንጂ የምወድቀው ብስክሌት ላይ ወድቄ አላውቅም።» የደወሉን ነገር በሆዱ ያዘው።

«እንግዲያውስ መጀመሪያ ላይ ነድቶ ከማያውቅ ሰው ይበልጥ ይቸገራሉ። ባለ ሦስት ጎማ ማለት ብስክሌት አይደለም። ተረጋግተው ይልመዱት።»

ፍሬቻ ይህን ቤት ሲያወራው በሳቅ ፈረሰ። «ዋና የሚችል ነው የሚሰጥመው እንደማለት እኮ ነው!» አለ። ሚስቱም አብራው ሳቀች። ሴት ልጃቸው ግን አልሳቀችም። የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚገለበጥ መኪና ስታነብ ትውላለች። ባል አግብታ ከወጣች ቆይታለች፣ አባቷ ከታመመ ወዲህ ግን ከቤቱ አትጠፋም።

«አባዬ፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር» አለች። «ከኋላ የሰው ወንበር ያለው ይሁን።»

«ለማን?»

«ለእማዬ። ለእኔ። ለማንም። ብቻህን አትወጣም።»

«ስፌት ቤት ሞግዚት አስከትዬ ልግባ?»

«ሞግዚት አልኩህ?»

«ታዲያ ምንድነው ከኋላዬ የሚቀመጠው? ጌጥ ነው?»

እንዲህ ሲጨቃጨቁ እናትየው ክር አንሥታ ወጣችና የግቢውን በር ስፋት ለክታ ተመለሰች። ክሩን ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ወደ አንድ በያጅ ግቢ ሄዱ። ይህ በያጅ ለዳቦና ለውኃ ማመላለሻ ባለ ሦስት ጎማ የሚሠራ፣ በትእዛዝም ለሰው መንጃ የሚያዘጋጅ፣ ወሬ የማይሰለቸው ሰው ነው። ግቢው ውስጥ የቧንቧ ብረት ተጋድሟል፣ በአንድ ጥግ ያረጀ ጎማ ተከምሯል። ያለቁ ሁለት ነበሩት። አንዱ ሰማያዊ፣ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ከኋላው መደገፊያ ያለው የሰው ወንበር የተበየደለት። ሁለተኛው ቀይ፣ ቀጠን ያለ፣ ከፍ ያለ፤ ከፊት ለፊቱ ሲያዩት ቁርጥ ብስክሌት።

ፍሬቻ ሰማያዊውን ዞሮም አላየው። ዓይኑ ቀዩ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ እሱ ቀላል ዕቃ ለሚያመላልስ ልጅ የሠራሁት ነው» አለ በያጁ። «የኋላው ጠባብ ነው፣ ከፍታም አለው። እንደ ሰማያዊው አይታገስም።»

ፍሬቻ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የበያጁን ትከሻ ይዞ ወጣ። ግራ እግሩን በገመድ አሰሩለት። ከዚያ ሄደ። ቀጥታው መንገድ ላይ እንዴት ያምርበት እንደነበር! ሚስቱ ከኋላ አየችው፤ ያ የምታውቀው ጀርባ ነው። የጎማው ክምር ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ሊታጠፍ ፈለገና ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው ጋደም አለ። ቀዩ ባለ ሦስት ጎማ ግን ነገሬም አላለው። በሦስት እግሩ ተገትሮ በቀጥታ ወደ ክምሩ ገሰገሰ። ፍሬቻ ይበልጥ ተጋደመ፤ ይበልጥም ቀረበ። ያኔ ደንግጦ መሪውን ባንድ ጊዜ ሲጠመዝዘው አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሣና ሰውየውን የጎማው ክምር ላይ ዘረገፈው።

ልጅቷ ጮኸች። በያጁ ሮጠ። ሚስትየው ቀስ ብላ ሄዳ እግሩን ከገመዱ ፈታች፣ አስነሣችው፣ አቧራውን አራገፈችለት። አካሉ ምንም አልሆነም፣ ቅስሙ ግን ተሰብሯል።

«በቃ» አለች ልጅቷ እንባዋ እየመጣ። «በቃ፣ ወደ ቤት።»

እናትየው ግን ቀዩን አቅንታ አቆመችውና መሪውን ይዛ ወዲያና ወዲህ አዞረችው።

«እስቲ ምን ሆኖ ነው የጣለው» አለች።

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው? አንቺ እኮ በሕይወትሽ ብስክሌት ላይ ወጥተሽ አታውቂም!»

እማዬ ጉርዷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ፔዳሉን መታችው፣ ሄደ። ክምሩ ጋ ስትደርስ መሪውን አዞረች፣ ታጠፈ። ክምሩን ዞረች፣ ቧንቧዎቹን ዞረች፣ በያጁን ራሱን ዞረችው። ጀርባዋ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አትክልት እንደምትከትፍ ሴት ቀጥ ብሏል። በሁለተኛው ዙር ላይ ሳቋ መጣ፤ ባሏ ከታመመ ወዲህ ያልተሰማ፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነው።

«እትዬ፣ የት ለመዱት?» አለ በያጁ እያጨበጨበ።

«ይሄ እኮ የኛ የአንሶላ ጋሪ ነው! ያንን በሆቴሉ ኮሪደር ስገፋ አይደል የኖርኩት? ልዩነቱ እዚህ መቀመጫ አለው።»

ፍሬቻ የጎማው ክምር ላይ ተቀምጦ አያት። መደሰት ነበረበት፤ አልተደሰተም። ቀናባት። ያ ሁሉ ዓመት የሱ የነበረ ነገር ባንድ ጠዋት ተነሥቶ ለሷ የተሰጠ መሰለው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች። እሱ መስኮቱን ያያል።

«ማን አስተማረሽ?» አላት ሳይዞር።

«ማንም። ያኔ እንደተጋባን ብስክሌት አስተምረኝ ብዬህ አልነበር? ‹ቆይ› አልከኝ። ከዚያ አረገዝኩ፣ ከዚያ ሥራ ገባሁ። ይኸው እስከዛሬ ቆየሁ።»

ለወቀሳ አላለችውም፤ እጇም ከማጠፍ አላቆመም። ፍሬቻ ግን ቃሉን አስታወሰው። «ቆይ» ማለቱን ብቻ ሳይሆን ለምን እንዳለም ጭምር። ትወድቃለች ብሎ አልነበረም። ብስክሌቱን የሚያይ ሰው ሌላ ሰው ላዩ ላይ እንዲያይ አልፈለገም ነበር። አፈረ።

«እንዴት ነው ያጠፍሽው?» አለ ዝግ ብሎ።

«እንዴት ማለት? መሪውን አዞርኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ?» የታጠፈውን ፎጣ ደርባ አስቀመጠችና አየችው። «አንተ እኮ የምትሄደው በወገብህ ነው። ጋሪ ደግሞ ወገብ አያውቅም። እጅ ነው የሚያውቀው።»

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኗ፣ ለልጃቸው ሳይነግሩ፣ ተመልሰው ሄዱ። በያጁ ሰማያዊውን አውጥቶ ከግቢው ጀርባ ያለውን ባዶ ሜዳ አሳያቸው። ፍሬቻ ወጣ። ሰማያዊው እንደ ቀዩ አልጣለውም፣ ግን እሱም አልሰማውም። ገና ለመታጠፍ ሲያስብ ሰውነቱ ይቀድማል፤ ሰውነቱ ሲጋደም መሪውን የያዘው እጁ ሥራው ያለቀ መስሎት ዝም ይላል፤ ባለ ሦስት ጎማው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሜዳው ተዳፋት የሆነበት ጫፍ ላይ ደግሞ ወንበሩ ትንሽ ዘመም ሲል የወደቀ ይመስለውና ሚዛን ሊጠብቅ መሪውን ወደ ቁልቁለቱ ይሰብረዋል፤ ባለ ሦስት ጎማውም ታዛዥ ሆኖ ከሜዳው ዳር ወዳለው ቦይ ይወስደዋል። ያቺ ፊዚዮቴራፒስት ትዝ አለችው። ዋናተኛው እየሰጠመ ነበር።

«ውረድና ከኋላ ተቀመጥ» አለችው ሚስቱ።

«እዚያ ወንበር ላይ? ሞቼ ነው!»

«ከሞትክ ሥራ አትገባም። ተቀመጥ።»

ፊቱን አጥቁሮ ተቀመጠ። እሷ ከፊት ወጣችና ነዳች። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ የሱ ሰውነት እንደ ልማዱ ተጋደመ።

«አትግፋኝ!»

«አልነካሁሽም!»

«ትከሻህ ገፋኝ!»

እውነትም፣ እሱ ሲጋደም እሷ አልተጋደመችም። ጀርባዋ ከፊቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የሚዞሩት ክንዶቿ ብቻ ናቸው። ደግማ አዞረችው፣ ደጋግማ አዞረችው። ፍሬቻ ሁለት እጁን ወገቧ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ በኋላ ነው የገባው። ለመታጠፍ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። መቀመጥ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረውን ነገር አለመሥራት፣ ይኸው ነው ከባዱ።

ሲቀያየሩ እሷ ከኋላው ተቀምጣ መዳፎቿን ትከሻው ላይ ጫነች። ሊጋደም ሲል አንሶላ እንደምትደላድል ደልደል ታደርገዋለች። «እጅህ» ትለዋለች። ሲሳሳት ትስቃለች፣ ሲሳካለትም ትስቃለች። ፀሐይዋ ከመክበዷ በፊት ሜዳውን ካንድ ጫፍ እስከ ሌላው ያለ መዳፏ ዞረው።

ተመረጠ እንግዲህ። ሰማያዊው ነው። ያኔ ሚስትየው ክሯን ከቦርሳዋ አወጣችና የኋላ ጎማዎቹን ለካች። ከቤታቸው የግቢ በር አንድ ጋት ይበልጣል። በስልክ ነገሩ የተነገራት ልጃቸው «በሉ እሱን አጥብቡት» አለች። በያጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ከጠበበ ይገለበጣል አለ።

«ጋሪውን አጥብበን ሰውየውን ከምንጥል በሩን እናስፋው» አለች ሚስትየው። በሳምንቱ አንደኛው የበር ምሰሶ ተነቅሎ ወጣ ተደርጎ ተተከለ።

ፍሬቻ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ አዘዘ። ፍሬኑና የእግር ማሰሪያው እንደተባለው ይሁን፤ የኋላው ወንበር ግን ከሥሩ ተቆርጦ በምትኩ የሳጥን ማስቀመጫ ይበየድ። በያጁም መቁረጫውን ቦታ በጠመኔ አሰመረበት። በማግስቱ ማለዳ ግን ፍሬቻ ስልክ ደወለና፣ «የወንበሩን ነገር ተወው» አለው። ምክንያቱን አልነገረውም።

ባለ ሦስት ጎማው ቤት ሲመጣ ወንበሩ እንዳለ ነበር፤ የሳጥን ማሰሪያ ቆዳ ብቻ ተጨምሮበታል። ልጅቷ ስታየው ፊቷ በራ።

«ተመስገን! ሰው ይዘህ ልትሄድ ተስማማህ።»

«በሥራ ቀን ሳጥኔ ነው የሚቀመጥበት» አለ አባቷ።

«በሌላ ቀንስ?»

«እሁድ እኔ ነኝ የምቀመጥበት።»

ልጅቷ አልገባትም። እናቷ ግን የያዘችውን ባልዲ አስቀምጣ ቆመች። ባሏን አየችው፤ ባሏ የሳጥኑን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መሰለ።

«ቆይ ብዬሽ አልነበር?» አለ አንገቱን ሳያቀና። «አሁን በቃ፣ አትቆዪ።»

ሰኞ ጠዋት ብቻውን ወጣ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ዓይኗን ሳትነቅል ተከተለችው። የስፌት ቤቶቹ መንገድ ወደ ግራ ነው፤ ቀጥታው ወደ ትልቁ የመኪና መንገድ ይወስዳል። መታጠፊያው ቀረበ፣ ትከሻው ግን ንቅንቅ አላለም። ጀርባውን ስታነብ የኖረች ሴት ናትና፣ አልታጠፈም፣ አለፈው ብላ «ታጠፍ!» የሚል ቃል አመለጣት። እሱ ግን ቀጥ እንዳለ፣ ትከሻው ሳይንቀሳቀስ፣ መሪውን አዙሮ ታጠፈ።

ስፌት ቤቱ በር ላይ የነበሩት ሴቶችም እንደሷው የትከሻውን ምልክት ሲጠብቁ ሳያስቡት ፊታቸው ደረሰ። «ፍሬቻ! ሳታሳየን መጣህብን እኮ!» አለች አንዷ እየሳቀች፣ እንባዋንም እየጠረገች።

«አምፖሉ ተቃጥሏል» አላት፣ ከዘራውንም ፈለገ።

ከድሮ ስፌት ቤቶቹ ግማሽ ያህሉ ተመለሱለት፤ ግማሾቹ ከባለ ሞተር ሳይክሉ ጋር ቀሩ። ለፍሬቻም ግማሹ ይበቃዋል። ሲመሽ ግራ እግሩ ይደክማል፣ ሁልጊዜ ይደክማል።

እሁድ ግን ሳጥኑ ይወርዳል። ሚስቱ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ይወጣሉ። እሷ እጇን ከመሪው ላይ ማንሣት ትፈራለች፤ ስለዚህ ልትታጠፍ ስትል ለሰው የምታሳይበት መንገድ የላትም። የመጀመሪያው እሁድ የሰፈሩ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ አንድ መኪና ከኋላቸው ይመጣ ነበር። ፍሬቻ መታጠፊያውን አየና መላ ሰውነቱን እንደ ድሮው ወደ ግራ አጋደመ። የሰፈር ሰው የሆነው ሹፌር ያን ትከሻ ሲያይ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመላቸው።

«አትግፋኝ አልኩህ!» አለች ሚስቱ መሪውን እያዞረች።

«አልነካሁሽም» አላት። «ለሰዉ እየነገርኩልሽ ነው።»